ንጉሤን «ኅጉሤ» ያደረገው ኮምፒውተር፦ የቤት ሊኑክስ ተሞክሮዬ ከቱሉ ዲምቱ

አባቴ የብሎካችን እድር ጸሐፊ ናቸው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ያተምኩላቸውን የአባላት ዝርዝር በጣታቸው እየተከተሉ ሲያነቡ ቆዩና ቀና ብለው፣ «ይህ ኅጉሤ የሚባለው ሰው መቼ ነው የገባው?» አሉኝ። ሁለት መስመር ዝቅ ብሎ ብርሃኁ የሚባል አባል አለ። ከእርሱ ቀጥሎ ዃለሙ። ሰዎቹ ንጉሤ፣ ብርሃኑ እና ዓለሙ ናቸው፤ ሁሉም ጎረቤቶቻችን፣ ሁሉም በየወሩ ሳያጓድሉ የሚከፍሉ። ስማቸውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ ያበላሸሁትም ለማስተካከል ስነሣ ነው። እንዴት እንደሆነ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ፕሮግራመር አይደለሁም፤ የምተዳደረው በሂሳብ ሥራ ነው። ይህን የምጽፈው አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ሊኑክስ (በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫን ነፃ ሥርዓት) ጭኖ «አሁንስ ምን ልሥራበት?» ብሎ ለተቀመጠ ሰው ነው። እኔም ወራት እንደዚያ ተቀምጬ ነበር። ሌሎች ሠርተው የሚያሳዩአቸው የቤት ፕሮጀክቶች በስልክ የሚበሩ አምፖሎችና የፊልም ማከማቻዎች ናቸው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ውኃውም አብሮ ለሚቋረጥበት አራተኛ ፎቅ አምፖልን በስልክ ማብራት ቅንጦት ነው። ሥራው የተጀመረው ቤተሰቡ ስለ ምን እንደሚያጉረመርም መስማት ስጀምር ነው።

ማሽኑ ልጄ ከደረጃ ላይ የጣለችው ላፕቶፕ ነው። የስክሪኑ ግማሽ ጠቁሯል። ለማሳደስ የተጠየቅሁት ዋጋ ላይ ጥቂት ቢጨመር ሌላ ያገለገለ ላፕቶፕ ይገዛል። ስክሪን ለሌለው ኮምፒውተር ግን የሚስማማ ሥራ አለው፦ ጥግ ይዞ ቀን ከሌት መሥራት። ሲጫን ብቻ ከሳሎኑ ቴሌቪዥን ጋር በገመድ አገናኘሁት፤ ከዚያ በኋላ ኤስኤስኤች በሚባለው የርቀት መግቢያ ከሌላ ኮምፒውተር እየገባሁ አዝዘዋለሁ። አሁን የሚኖረው ከቁም ሣጥኑ ላይ፣ ከዋይፋዩ ሳጥን አጠገብ ነው። ባለቤቴ ከውኃው በርሜል እንዲርቅ አጥብቃ ስላሳሰበች እንጂ የመጀመሪያ ቦታው ሌላ ነበር።

የጫንኩት ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱ የሆነውን ዴቢያን 12ን ነው። በዴቢያን ገጽ ላይ ቶሎ ዓይን ውስጥ የሚገባው ትንሹ የመጫኛ ፋይል ነው፤ እርሱ ግን የቀረውን ሁሉ በመጫኑ ጊዜ ከኢንተርኔት ይስባል። በዳታ ጥቅል ለሚኖር ቤት ይህ አይሆንም። የመጀመሪያውን የዲቪዲ ፋይል፣ ወደ 4 ጊጋባይት የሚጠጋውን፣ ፈጣን መስመር ካለበት ቦታ በፍላሽ ይዛችሁ ኑ። ከመጫናችሁ በፊት ደግሞ ፋይሉ ሳይጎድል መውረዱን በሚያሳየው በሻ-256 ማረጋገጫ ቁጥሩ ፈትሹት። እኔ ያንን ንቄ፣ ተቆርጦ የወረደ ፋይል ይዤ አንድ ሙሉ ምሽት መጫኛው መሐል ላይ እየቆመ ሲያንገላታኝ አመሸሁ።

ላፕቶፕን የቤት ሰርቨር፣ ማለትም ቀን ከሌት ቤቱን የሚያገለግል ኮምፒውተር፣ ማድረግ ለእኛ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ባትሪው። መብራት ሲጠፋ ዴስክቶፕ ድርግም ይላል፣ ላፕቶፑ ግን ይቀጥላል። ሁለት ነገር ብቻ ማስተካከል ይገባል። አንደኛው ክዳኑ ነው፤ ሲከደን እንዲተኛ ተደርጎ ስለሚመጣ፣ ሎግኢንዲ (logind) በሚባለው አገልግሎት የቅንብር ፋይል ውስጥ የክዳኑን መስመር «ችላ በል» ወደሚለው መለወጥ ነው። ሁለተኛው ጤናው ነው። ዓመቱን ሙሉ ከሶኬት የማይነቀል አሮጌ ባትሪ ሊያብጥ ይችላል። አንዳንድ ቲንክፓዶችን የመሰሉ ማሽኖች ባትሪው 80 በመቶ ላይ መሞላቱን እንዲያቆም ማዘዝ ያስችላሉ፤ የእናንተ የማይፈቅድ ከሆነ በየወሩ ገልብጣችሁ ሆዱን እዩት። ያበጠ ባትሪ ካያችሁ አትከራከሩት፤ አውጡት።

የመጀመሪያዋ መሣሪያዬ አሥር መስመር አትሞላም። ሊኑክስ ከሶኬቱ ኃይል እየመጣ መሆን አለመሆኑን በአንዲት ትንሽ ፋይል ውስጥ ይጽፋል፦ ከመጣ 1፣ ከተቋረጠ 0። የእኔ ስክሪፕት፣ ማለትም ኮምፒውተሩ በተራ የሚፈጽማቸው ትእዛዞች ዝርዝር፣ በየደቂቃው ያንን ፋይል ያነባል፤ ቁጥሩ ከቀድሞው ከተለየ ሰዓቱን ይመዘግባል፣ ባትሪው ከ20 በመቶ ሲወርድ ደግሞ ኮምፒውተሩን በሥርዓት ያጠፋል። ይኸው ነው። ምን ይጠቅማል? ሁለታችንም ሥራ ውለን ስንመለስ መብራት ቢኖርም በቀን ለስንት ሰዓት ጠፍቶ እንደነበረ አናውቅም ነበር። አሁን ባለቤቴ ማቀዝቀዣው ውስጥ ያደረው ሥጋ ይበላ አይበላ እንደሆነ የምትወስነው መዝገቡን ጠይቃ ነው። ከሠራኋቸው ሁሉ ያመሰገነችኝ በዚህችው ብቻ ነው።

ቀጥሎ የመጣው የአባቴ ጉዳይ ነው። የእድር መዋጮ የሚሰበሰበው ወር በገባ በመጀመሪያው እሁድ ነው፤ ወሩ ደግሞ የእኛ ወር ነው። አባቴ ቀኑን ባይረሱም ሰው ይረሳል፣ እርሳቸውም አራት ፎቅ ወርደው ማስታወስ ጉልበታቸውን ይፈትነዋል። እኔ ያሰብኩት ኮምፒውተሩ ጠዋት ላይ በድምፅ እንዲናገርና ለአባላቱም መልእክት የምንልክበትን ሰዓት እንዲያሳውቀን ነው። ድምፁን ከአባቴ ቀዳሁ። «ዛሬ የእድር ቀን ነው፤ ደብተሩን አውጡ» ይላሉ፣ በትልቁ ጉሮሯቸውን ጠርገው። ጉሮሮ መጥረጉን ልቆርጠው ብል ልጄ አልፈቀደችም።

በሊኑክስ ላይ ሥራን በቀጠሮ የሚያስጀምረው ክሮን ነው። ደቂቃ፣ ሰዓት፣ የወሩ ቀን፣ ወርና የሳምንቱ ቀን ትሰጡታላችሁ። ክሮን ግን መስከረምን አያውቅም። የእኛ ወሮች መባቻ በአውሮፓውያኑ ወር ውስጥ ከ6 እስከ 12 ባለው መካከል ይዋልላል። እኔ በድፍረት «ከ8 እስከ 14 ያለ ቀን፣ እሁድ» ብዬ ጻፍኩለት፤ ግምት ቢሆንም ለጊዜው ያገለግላል ብዬ። ሰኞ ጠዋት የአባቴ ድምፅ ጉሮሮውን ጠረገ። ማክሰኞም። ረቡዕም። ሳምንቱን ሙሉ የእድር ቀን ሆነ፤ ከዚያ በኋላም በየእሁዱ። ለካ ክሮን የወሩን ቀንና የሳምንቱን ቀን አንድ ላይ ስትሰጡት «እና» ሳይሆን «ወይም» ብሎ ነው የሚረዳው። መመሪያው ላይ ተጽፏል፤ መመሪያ የሚነበበው ደግሞ ከጥፋት በኋላ ነው።

መፍትሔው ክሮንን ከውሳኔው ማውጣት ነው። በየቀኑ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ስክሪፕቱን ብቻ ይቀስቅስ፤ ዛሬ በእኛ አቆጣጠር ስንት እንደሆነ ስክሪፕቱ ራሱ ያስላና የሚናገር ከሆነ ይናገር፣ ካልሆነ ዝም ይበል። የሥርዓቱን ቋንቋ አማርኛ ማድረግ እንደማይበቃ እዚህ ላይ ልጥቀስ፦ ጃንዋሪንና ማርችን በፊደል ጽፎ ያቀርብላችኋል እንጂ ጥርና መጋቢትን አይሰጣችሁም።

ስሌቱ እንደሚፈራው አይደለም፤ በመደመርና በማካፈል ያልቃል። እንደ ሊኑክስ ያሉ ዩኒክስ የተባለውን የቀድሞ ሥርዓት የሚከተሉ ሥርዓቶች ጊዜን የሚቆጥሩት ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ ባለፉት ሰከንዶች ነው። ያች ቅጽበት በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነበረች። ሰከንዶቹን ትወስዱና የእኛን የሦስት ሰዓት ልዩነት፣ 10,800 ሰከንድ፣ ትጨምራላችሁ። ለ86,400 ስታካፍሉት የቀናት ቁጥር ይወጣል። እዚያ ላይ 716,732 ደምሩ፤ ከዚያ ለ1,461 አካፍሉ፤ ይህም የአራት ዓመት ቀናት ድምር ነው፣ ከዘመነ ማቴዎስ እስከ ዘመነ ዮሐንስ አንድ ዙር። ድርሻውን በ4 አባዙት። ቀሪውን ደግሞ ለ365 አካፍሉና ድርሻውን እላዩ ላይ ደምሩት፤ ዓመተ ምሕረቱ ይኸው። የተረፈውን ለ30 ስታካፍሉት ድርሻው ላይ 1 ሲጨመር ወሩ፣ ቀሪው ላይ 1 ሲጨመር ቀኑ ይገኛል።

በዚያችው በመጀመሪያዋ ቀን ሞክሩት። 716,732 ለ1,461 ሲካፈል 490 ደርሶ 842 ይተርፋል። 490 በ4 ሲባዛ 1960 ነው። 842 ለ365 ሲካፈል 2 ደርሶ 112 ይተርፋል፤ ስለዚህ 1962። 112 ለ30 ሲካፈል 3 ደርሶ 22 ይተርፋል፤ አራተኛው ወር፣ ቀን 23። ታኅሣሥ 23 ቀን 1962። የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ ብያለሁ፤ ይህ ሲገጥምልኝ ቁጭ ብዬ ለብቻዬ ፈገግ አልኩ።

አንድ ልዩ ሁኔታ አለ። ለ1,461 ስታካፍሉ ቀሪው በትክክል 1,460 ከሆነ ያ ቀን ጳጉሜን 6 ነው፤ ለብቻው ካልያዛችሁት ስሌቱ አዲስ ዓመት ሳይገባ ዓመቱን ያሻግራል። በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ፣ በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚከሰት ስህተቱን ሳታዩት ዓመታት ልታሳልፉ ትችላላችሁ።

ሦስቱን ሰዓት መጨመርን መጀመሪያ ረስቼው ነበር። አንድ ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ስሠራ ኮምፒውተሩ የትናንትናውን ቀን ያሳያል። ያለ ጭማሪው ቀኑ የሚለወጠው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነውና። ጠዋት ለአባቴ ብነግራቸው ስህተቱ አልታያቸውም። «ሳይነጋ ቀን ይለወጣል እንዴ?» አሉ። ለእርሳቸው ቀን የሚጀምረው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ነው፤ ኮምፒውተሩ የተሳሳተው ሦስት ሰዓት ቀድሞ በመለወጡ ነው። ስክሪፕቱን በእኩለ ሌሊት አስተካከልኩት፤ ክርክሩ ግን አልተፈታም።

ከዚያ ጳጉሜን መጣች። ጳጉሜን 2 ቀን 2017 እሁድ ነበረች፤ የአሥራ ሦስተኛው ወር የመጀመሪያ እሁድ። ስክሪፕቱ ትእዛዙን ሳያዛንፍ ተናገረ፣ አባቴም ከራሳቸው ድምፅ ጋር ተጣሉ፦ «በጳጉሜን የምን መዋጮ ነው!» በሳምንቱ፣ መስከረም 4 ቀን 2018፣ ደግሞ በእውነተኛው ቀን ተናገረ። በጳጉሜን ኪራይም፣ ደመወዝም፣ እድርም የለም። ይህን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ነው፤ ለማሽኑ ግን ሊነግረው የሚገባው እኔ ነበርኩ። «ወሩ 13 ከሆነ ዝም በል» የምትል አንዲት መስመር በቃች።

አንድ ጊዜ ደግሞ የእድሩ ቀን ማክሰኞ ላይ ተነገረ። ይህኛው ብዙ አስቸገረኝ፤ ስሌቱ ትክክል ነውና። መብራት ለረጅም ሰዓት ጠፍቶ፣ ባትሪው ወርዶ፣ ማሽኑ ራሱን አጥፍቶ ነበር፤ ያስነሣሁት ከሁለት ቀን በኋላ ነው። በውስጡ ያለችውን ሰዓት የምታንቀሳቅሰው ክብ ባትሪ ሞታ ኖሯል። ዴቢያን እንዲህ ሲገጥመው መጨረሻ ያስቀመጠውን ሰዓት ያነሣና ከዚያ ይቀጥላል፤ ኢንተርኔት ካገኘ ያርማል፣ እኛ ግን ጥቅላችን አልቆ ነበር። ሰዓቱ ዓመታት ወደ ኋላ ቢመለስ ኖሮ ወዲያው እናየው ነበር፤ ሁለት ቀን ብቻ መዘግየቱ ነው ያታለለን። ቃሊቲ ያለ አንድ ሰዓት ጠጋኝ ዘንድ ተመሳሳይዋን ባትሪ አገኘሁ። አሮጌ ላፕቶፕ ከገዛችሁ ይህችን ባትሪ ሳትጠይቁ ለውጧት።

አሁን ወደ ኅጉሤ።

የአባላቱን ዝርዝር ከአባቴ ደብተር ወደ ኮምፒውተር ያስገባነው እኔና ልጄ በየተራ ነው። ለአማርኛው አይባስ በተባለው የመጻፊያ ፕሮግራም ላይ ሴራ የሚባለውን የአጻጻፍ ዘዴ፣ ለፊደሉ አቢሲኒካ የተባለውን ቅርጽ ጫንኩ፤ ሁለቱም በዴቢያን ውስጥ አሉ። ማሽኑን በቀጥታ ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኝታችሁ በጥቁሩ የጽሑፍ ገጽ ላይ ብትሞክሩ ግን ከፊደል ይልቅ ሳጥን ታያላችሁ፤ ያ ገጽ ቢበዛ 512 ቅርጾች ብቻ ነው የሚይዘው፣ የእኛ ፊደል ደግሞ ለብቻው ከ300 በላይ ነው። በኤስኤስኤች ከሌላ ኮምፒውተር ስትገቡ ችግሩ የለም።

ችግሩ ፍለጋው ላይ መጣ። እኔ «ሀብታሙ» ብዬ የጻፍኩትን ልጄ «ሐብታሙ» ብላዋለች። በአንዱ ስትፈልጉ ሌላው አይገኝም፤ ለኮምፒውተሩ ሀ እና ሐ ሁለት የማይተዋወቁ ፊደላት ናቸው። ስለዚህ ሁሉንም ሐ ወደ ሀ ለመቀየር ወሰንኩ። ቲአር የሚባል ፊደል በፊደል የሚተካ አጭር መሣሪያ አለ። የሐን ሰባት ቅርጾች በአንድ ወገን፣ የሀን ሰባት ቅርጾች በሌላ ወገን ሰጠሁት። ሐብታሙ ሀብታሙ ሆነ። ደስ ብሎኝ በአሮጌው ፋይል ላይ አስቀመጥኩት።

ያላወቅሁት ይህ ነው። ኮምፒውተሩ ጽሑፍን ወደ ቁጥር በሚለውጥበት ዩቲኤፍ-8 በተባለው ዘዴ እያንዳንዱ ፊደላችን የሚቀመጠው በሦስት ባይት፣ ማለትም በሦስት ትንንሽ ቁጥሮች፣ ነው። በዴቢያን ውስጥ ያለው ቲአር ግን ፊደል አያይም፤ የሚያየው ባይት ነው። ሐ እና ሀ የሚለያዩት በሦስተኛው ባይት ብቻ ስለሆነ ያንን ቁጥር ባገኘበት ሁሉ ለወጠው። በአጋጣሚ ያው ሦስተኛ ባይት ነ ላይም አለ፤ ሲለወጥ ኀ ይሆናል። ኑ ኁ ሆነ፣ ን ኅ ሆነ፣ ዓ ደግሞ ዃ። ፋይሉ ሙሉ በሙሉ ቢበላሽ ወዲያው ባወቅሁ ነበር፤ የወጡት ግን ሁሉም ትክክለኛ የግእዝ ፊደላት ናቸው። ወደ ኋላ መመለስም አልተቻለም፤ ከኃይሉና ከናሁሠናይ መጀመሪያ ላይ ያሉት ሁለቱም አሁን ኃ ሆነዋል፣ የትኛው ከመነሻው ኃ እንደነበረ የሚለይ ነገር በፋይሉ ውስጥ የለም።

ቅጂ አልነበረኝም። ቅጂው የአባቴ ደብተር ነበር። ሦስት ምሽት እርሳቸው እያነበቡ እኔ ጻፍኩ፣ በየስሙም ላይ ፊደሉን እያረሙኝ፦ «በንጉሡ ሠ ነው እንጂ!»

በትክክል የሚሠራው ሴድ የሚባለው ሌላ መሣሪያ ነው፤ በውስጡ «ዋይ» የሚባለው ትእዛዝ የሥርዓቱ ቋንቋ ዩቲኤፍ-8 እስከሆነ ድረስ ፊደልን በፊደልነቱ ይተካል። ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የሚቀልላችሁም በእርሱ ጻፉት። ከመሣሪያው ይልቅ ግን የለወጥኩት አሠራሩን ነው። ዋናውን ዝርዝር ማንም አይነካውም። የፍለጋው ስክሪፕት ለራሱ አንድ ቅጂ ያወጣና በቅጂው ላይ ብቻ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ይመልሳል፤ የምትፈልጉትንም ቃል እንዲሁ። ሃንና ሀን፣ ዓንና አንም አንድ ማድረግን አትርሱ፤ የምንሰማቸው አንድ ነውና። ሲያገኝ የሚያሳያችሁ የመስመሩን ቁጥር ይዞ ከዋናው ዝርዝር ነው፣ ባለቤቱ እንደጻፈው። የሰው ስም የባለቤቱ ነው ይላሉ አባቴ፤ ለፍለጋ እንዲመቸኝ ብዬ ሠን ከሥላሴ ላይ የማነሣ እኔ ማነኝ?

ስለ ቅጂ ከዚያ ወዲህ ቀልድ የለም። በየሌሊቱ አርሲንክ የሚባለው የመገልበጫ መሣሪያ ዝርዝሩን፣ የመብራቱን መዝገብና የልጄን ፎቶዎች ወደ ውጭያዊ ሃርድ ዲስክ ይገለብጣል፤ የየቀኑ በተለየ ማህደር ይቀመጣል። የትናንቱን በዛሬው የሚተካ ቅጂ ብቻ ቢኖረኝ ኖሮ ኅጉሤንም በታማኝነት ይገለብጠው ነበርና። ለእነዚህ ሁሉ ስክሪፕቶችም እያንዳንዱን ለውጥ የሚመዘግበውን ጊት እጠቀማለሁ፤ ለአንድ ሰው ይበዛል ቢባልም ትናንት ምን እንደነካሁ ለራሴ መንገሩ በቂዬ ነው።

ከኢንተርኔት ውጭ ለሚሆን ቤት አንድ ልጨምር። ቤታችሁ ከአንድ በላይ ዴቢያን ካለ አፕት-ካቸር የሚባለውን ጫኑበት፤ አንዱ ያወረደውን ማሻሻያ ያስቀምጥና ለሌላው ያካፍላል። ኪዊክስ ደግሞ ዊኪፔዲያን ያለ መስመር በቤቱ ዋይፋይ ለስልኮች ያቀርባል። ልጄ የቤት ሥራዋን መብራት በሌለበት ማታ፣ ዳታ ሳትነካ ትሠራበታለች፤ ለዋይፋዩ ሳጥን ትንሽ ባትሪ ገዝተንለታል።

የቀረኝ አንድ ፈተና ነው። ጳጉሜን 6 የምትመጣው በ2019 መጨረሻ ነው፤ ቅዳሜ ትውላለች። ስሌቱን በሰው ሠራሽ ቀን ሞክሬዋለሁ፣ ጳጉሜን 6 ቀን 2015ንም በትክክል አውጥቶታል። አባቴ ግን በሙከራ አላመኑም። ቀኗን በደብተራቸው የመጨረሻ ገጽ ላይ ጽፈዋታል፤ ያን ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከቁም ሣጥኑ ሥር ቆመው፣ ድምፃቸው ዝም ማለቱን ሊያዳምጡ።